ልፈርም ወይስ ልተወው?

እባካችሁ ሞዴሊንግ ውስጥ ያላችሁ፣ ግራ ገብቶኛል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ76 ነው። አንድ ኤጀንሲ "ፊትሽ ለካሜራ የተፈጠረ ነው" ብሎ ሲጠራኝ እየበረርኩ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ግን ለፖርትፎሊዮ (ሞዴል ለአሠሪዎች የምታሳየው የፎቶ ስብስብ) ቀድመሽ ክፈይ አሉኝ፣ ፎቶውንም የሚያነሳው የራሳቸው ሰው ብቻ ነው። እኔ የማውቀው ደህና ኤጀንሲ ሥራ ካገኘልሽ በኋላ ከክፍያሽ ላይ ኮሚሽን፣ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ አካባቢ፣ እንደሚቆርጥ ነው፤ ለማመልከቻም ያለ ሜካፕ በመስኮት ብርሃን በስልክ የተነሳ ፎቶ ይበቃል። ውሉ ደግሞ 3 ዓመት ከሌላ ጋር እንዳልሠራ ያስራል። ቤት ወስጄ ላንብበው ስል ሴትዮዋ ወረቀቱን ከእጄ ሳብ አድርጋ "ወረፋ የሚጠብቁ ሞልተዋል" አለችኝ። (እውነቱን ለመናገር እዚያው ልፈርም ትንሽ ነበር የቀረኝ።) እስከ ዓርብ ወስኚ ተብያለሁ። እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት ምን ምን ጠየቃችሁ?