አንደኛ ክፍል የገባው ልጄ "ረባሽ" ተባለ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የፒያሳዋ እናት
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። 6 ዓመት የሞላው ነሐሴ ላይ ነው። ኬጂ እያለ አንድም ቀን ስሞታ ሰምቼ አላውቅም። አሁን ኮሙኒኬሽን ቡኩ በየሳምንቱ ቀይ በቀይ ነው፦ "ቦታው ላይ አይቀመጥም፣ ጽፎ አይጨርስም።" የክፍል አለቃዋ ሰሌዳ ጥግ ላይ የረባሽ ስም ስትጽፍ የሚቀድመው የለም አሉ። ትናንት ማታ ጫማውን ሳወልቅለት "ማሚ፣ እኔ ረባሽ ነኝ አይደል?" አለኝ። አንጀቴ ተላወሰ። ታላቅ እህቱ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ አልነበረችም። ክፍሉ ውስጥ 50 ልጅ ስላለ በቲቸሯም አልፈርድም። ምን ይሻለኛል?

የጃንሜዳው
እህቴ፣ አትጨነቂ፤ ወንድ ልጅ እንደዛው ነው። የእኔም ስም ከሰሌዳ ወርዶ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጃንሜዳ አውጪውና ኳስ ይጫወት፣ ይወጣለታል።

ጡረተኛዋ መምህርት
ወንድሜ፣ ኳሱ ጥሩ ነው። "ወንድ ልጅ እንደዛው ነው" እየተባለ ግን ማንበብ ሳይችል ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ስንቱን አይቻለሁ።

ልጄ፣ መጀመሪያ ዕድሜውን እዪ። አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ይጀመር የተባለው በከንቱ አይደለም። ያንቺ ልጅ ገና 6ን መድፈኑ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው 7 ተኩል ከሆነ፣ በዚህ ዕድሜ ዓመት ተኩል ብዙ ነው።

ቀጥሎ ቲቸሯን "ለምን ይረብሻል?" አትበያት። "መቼ መቼ ነው የሚነሳው?" በያት። ሒሳብ ላይ ነው? ከምሳ በኋላ? ከሰሌዳ ሲገለብጥ? ይረብሻል ለሚለው ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ሲገለብጥ ይነሳል ለሚለው ግን መላ አለው።

የብዙ ወንዶች ጣት ለጽሕፈት የሚደርሰው ከሴቶቹ ዘግየት ብሎ ነው። ፊደላችን ደግሞ አይምርም፤ የጨን እግሮች ለመደርደር ብቻ ስንቴ ይሰረዛል! ማታ ማታ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ምስር ይልቀም፣ ሊጥ ያድቦልቡል። ለጣቱ ከተጨማሪ የቤት ሥራ ይሻለዋል። ከእህቱ ጋር አታወዳድሪው፣ አደራ።

የሕፃናት ነርስ
በመምህርት ሐሳብ እስማማለሁ። ዓይኑንና ጆሮውንም አስመርምሪው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ።

"ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ችግር) ነው" የሚል ሰው ከመጣብሽ ቶሎ አትቀበዪ። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካናዳ ውስጥ ከ900 ሺህ በላይ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። በክፍላቸው ትንሾቹ የሆኑት፣ ማለትም በፈረንጆቹ ዲሴምበር የተወለዱት ወንዶች፣ ትልልቆቹ ከሆኑት የጃንዋሪ ልጆች ይልቅ ኤዲኤችዲ የመባል ዕድላቸው 30 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ልጅነት እንደ በሽታ የሚታይበት ጊዜ አለ። ትምህርት ቤትም ቤትም ያው ከሆነና 6 ወር ካለፈው ግን ሐኪም ይየው።

የሁለት ሴቶች አባት
እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው የገጠመኝ። ልጄ ጨዋ ስለሆነች ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ማንበብ እንደማትችል ያወቅነው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ቢያንስ ያንተ ልጅ ይታያል፤ ይቅርታ፣ ያንቺ።

የፒያሳዋ እናት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። መምህርት እንዳሉት "መቼ?" ስላት ቲቸሯ ራሷ ትንሽ አሰበችና "ሰሌዳው ሊጠፋ ሲል" አለች። ለካ ሳይጨርስ ሊጠፋበት ሲል ነው ሮጦ ወደ ፊት የሚወጣው! ከኋላ ወንበር ወደ ሁለተኛው ረድፍ አምጥታዋለች። ሰሌዳ የሚያጠፋውም እሱ እንዲሆን አደረገች፣ ቀድሞ ከጨረሰ። የዓይን ምርመራው ማክሰኞ ነው። ምስሩን ግን አንድ ጣሳ ለቅሞ ግማሹን ወለሉ ላይ በተነው።

ዛሬ ቦርሳውን ስከፍት ደግሞ ዳስተሩ ውስጡ አለ። "ሌላ ልጅ እንዳይወስድብኝ ነው" ይለኛል። ነገ ይዤው እመለሳለሁ።