በ2020 ዓ.ም. ካሌንደር ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው ወይስ 20? ዓድዋስ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ውጭ አገር ላለ ማኅበር የ2020 ዓ.ም. የግድግዳ ካሌንደር እያዘጋጀን ነው። በዓላቱና የመታሰቢያ ቀኖቹ በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይገባሉ። የ2019ኙን ገልብጠን ዓመቱን ብቻ ቀየርን፤ የስልክ መለወጫ ስንሞክር ግን እንቁጣጣሽን ሴፕቴምበር 12፣ ገናን (ታኅሣሥ 29 ብለን ስናስገባ) ጃንዋሪ 8 አለን። ዓድዋ ደግሞ መጻሕፍት ላይ ማርች 1 ነው፣ እኛ የያዝነው ማርች 2። አዳራሽ የሚከራየው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ የአንድ ቀን ስሕተት ትልቅ ጣጣ አለው። የቱ ነው ልክ?

መልስ 1
ያሳታችሁ የ2019ኙን መገልበጣችሁ ነው። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ እንቁጣጣሽም በአንድ ቀን ተገፍቶ እሑድ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይውላል። ፈረንጆቹ የእነሱን ትርፍ ቀን የሚጨምሩት ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2028 ነው፤ ያኔ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። እንግዲህ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ሁሉ ከለመዳችሁት በአንድ ቀን ይዘገያል፣ ከየካቲት 22 ጀምሮ እንደ ወትሮው ነው።

በዚህ መሠረት ደመራ ሴፕቴምበር 27፣ መስቀል ሴፕቴምበር 28፣ ከተራ ጃንዋሪ 19፣ ጥምቀት ሐሙስ ጃንዋሪ 20፣ የየካቲት 12 የሰማዕታት ቀን እሑድ ፌብሩዋሪ 20 ይሆናሉ። ዓድዋ የካቲት 23 ስለሆነ አይነካም፤ ሐሙስ ማርች 2 ነው። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ሁልጊዜም ሜይ 1፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ሜይ 5 ነው።

የየትኛውንም ዓመት ወንጌላዊ ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። 7520 ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ 2020 ዘመነ ዮሐንስ ነው ማለት ነው። ስልክ ላይ ጥምቀትን «በየዓመቱ ጃንዋሪ 19» ብሎ የሚሞላ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ዓመት ነው።

መልስ 2
ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ ገና ግን ቀርቷል፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን ታኅሣሥ 28 ነው። ስለዚህ ገና እንደ ሁልጊዜው ጃንዋሪ 7 (2028፣ ዓርብ) ይውላል። መለወጫው አልተሳሳተም፤ ታኅሣሥ 29ን በትክክል ወደ ጃንዋሪ 8 ለውጦታል፣ የተሳሳተው ያስገባችሁት ቀን ነው።

ምክንያቱ ቆጠራው ነው። ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይቆጠራል። ጳጉሜን 5 በሆነችበት ዓመት 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 29 ላይ ያርፋል፤ 6 ስትሆን አንድ ቀን ቀድሞ 28 ላይ ይሞላል። ጥምቀት ግን ጥር 11ን አይለቅም። በዚህ ዓመት በገናና በጥምቀት መካከል እንደ ሌላው ጊዜ 12 ሳይሆን 13 ቀን የሚኖረው ለዚህ ነው። ካሌንደሩን የሚያዘጋጁት ልጆች ይህን ሲያዩ «ስሕተት ነው» ብለው እንዳያስተካክሉት ንገሯቸው።

መልስ 3
ስለ ዓድዋ፦ መጻሕፍቱም ካሌንደራችሁም ልክ ናቸው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ያ ቀን በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉት፣ የእኛ አቆጣጠር ግን አይዘልም፤ ከዚያ ወዲህ ያው የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ሆነ። በ2100 እንደገና ስለሚዘሉት ከዚያ ዓመት ጀምሮ ማርች 3 ይሆናል። ስለ ጦርነቱ ስትጽፉ ማርች 1 ቀን 1896 በሉ፣ በዓሉን ስታስቀምጡ ማርች 2።

የካቲት 12 ላይ ይህ ጣጣ የለም። የግራዚያኒ ወታደሮች አዲስ አበባን በደም ያጠቡበት ቀን፣ የካቲት 12 ቀን 1929፣ በፈረንጅም ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው፤ በ2020 ግን ከላይ እንደተባለው ፌብሩዋሪ 20 ላይ ይውላል። ግን እባካችሁ ይህን ቀን ከሌሎቹ ጋር በቀይ ቀለምና በአበባ አታስጊጡት። የኀዘን መታሰቢያ ነው፤ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ ጉንጉን የሚቀመጥበት ቀን ነው። በጥቁር ወይም በግራጫ ይውጣ።

አሮጌ ካሌንደር ካገላበጣችሁ ደግሞ የአርበኞች የድል በዓል መጋቢት 28 ላይ ተጽፎ ታገኙ ይሆናል። ደርግ ነው ወደዚያ ያዛወረው፤ አሁን የሚከበረው ሚያዝያ 27 ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ገናን ልናበላሸው ነበር። ፋሲካስ? ከማኅበራችን እስራኤል ዘመድ ያላቸውም ሲግድ (የቤተ እስራኤላውያን በዓል) ይግባ ብለዋል።

መልስ 2
ፋሲካን በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማውጫ ሒሳብ) እናውጣው። 7520 ለ19 ሲካፈል 15 ይተርፋል፤ አንድ ይቀነሳል፣ ወንበር 14። 14 በ19 ሲባዛ 266፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ሲካፈል) የሚተርፈው 26፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 26 ይውላል፣ ዕለቱም ሐሙስ ነው። የሐሙስ ተውሳክ (ለየዕለቱና ለየበዓሉ የተመደበ ተደማሪ ቁጥር) 3፤ 26 ሲደመር 3፣ መባጃ ሐመር 29። ጾመ ነነዌ ጥር 29 ትገባለች። በ29 ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲደመር 38፣ 30 ሲነሣ 8፤ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ስቅለት ሚያዝያ 6። በፈረንጅ ኤፕሪል 16 እና 14 ቀን 2028።

ብዙ ሰው የሚስተው የበዓለ መጥቅዕን ዕለት ሲቆጥር ነው። መስከረም 1ን በልማድ ሴፕቴምበር 11 ብሎ ከቅዳሜ ከጀመረ መስከረም 26 ረቡዕ ይሆንበታል፣ ተውሳኩም 4፣ ነነዌም ጥር 30 ማክሰኞ። ነነዌ ሰኞ ካልዋለች ሒሳቡ ፈርሷል፤ ከመስከረም 1 ጀምራችሁ እንደገና ቁጠሩ።

መልስ 4
ሲግድን ከእኛ አቆጣጠር አታውጡት። የሚውለው በዕብራውያን ሔሽቫን 29፣ ከዮም ኪፑር (የአይሁድ የስርየት ቀን) ጀምሮ ሲቆጠር በ50ኛው ቀን ነው። በዚህ ዓመት ዮም ኪፑር ኦክቶበር 11 ስለሆነ ሲግድ ሰኞ ኖቬምበር 29 ቀን 2027፣ ኅዳር 19 ይውላል። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን መታሰቢያም ኢያር 28 ነው፣ ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ የሚታሰቡበት ቀን፤ ሜይ 24 ቀን 2028። ሲግድ ከገባ ይህም መግባት አለበት።

ኢድ አልፈጥር የካቲት አጋማሽ አለፍ ብሎ፣ ኢድ አልአድሃ (ዐረፋ) ሚያዝያ መጨረሻ ይጠበቃሉ። እነሱ አጠገብ «ጨረቃ ስትታይ በአንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል» የሚል ጽሑፍ በሚነበብ መጠን አስገቡ፤ አዳራሹንም ለሁለት ተከታታይ ቀን ያዙ።