ስቴንለሱ ፑንታ ፈጀብኝ፤ ካርባይድ ልግዛ?

ሰላም ወንድም እህቶች፣ ቸግሮኛል። ኮምቦልቻ ትንሽ ብየዳ ቤት አለችኝ። ለአንድ ምግብ ቤት 4 ሚሊ ስቴንለስ ላሜራ፣ 304 የሚሉት፣ ላይ 24 ባለ 8 ሚሊ ቀዳዳ እበሳለሁ። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ፑንታው (የድሪሉ መብሻ) ጮኸ፣ ጫፉ ሰማያዊ ሆነ፣ የተበሳው ቦታ እንደ መስታወት አብለጨለጨ። ከዚያ ወዲያ ንክች የለም! ፑንታው ሳይቆርጥ ሲፈትገው ብረቱ እንደሚጠነክር የገባኝ ሦስት ከፈጀሁ በኋላ ነው። አሁን ፍጥነት ቀንሼ፣ ዘይት እያንጠባጠብኩ፣ ጫን ብዬ እየሞከርኩ ነው።

ባለሱቁ ሙሉ ካርባይድ፣ በጣም ጠንካራውን ፑንታ፣ ውሰድ ይለኛል። (እሱማ መሸጥ ነው ሥራው።) ግን ያለኝ የእጅ ድሪል ነው፤ ካርባይድ ደግሞ ትንሽ ከተወላገደ ቀጭ ይላል። ቋሚ ትራፓኖ (ማቆሚያ ላይ የታሰረ ድሪል) ያለው ወዳጄ ደሴ ነው። ላሜራ ተሸክሜ የሐረጎን ዳገት ልውጣ? ወይስ ጫፉ 135 ዲግሪ የሆነ፣ ኮባልት የተቀላቀለበት ፑንታ በእጅ ድሪል ይበቃኛል? የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ ደንበኛዬ በየቀኑ ይደውላል።