ዶላሩ ሲጨምር የምልከውን ለምን ቀነስኩ?

ለተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን፣ ለቤተሰባቸው ገንዘብ በባንክ ቢልኩ ይሻል እንደሆነ ወይስ እንደ ድሮው በሰው እጅ፣ ማለትም በጥቁር ገበያ፣ ደግሞም አሜሪካ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ የጣለችው አዲሱ የአንድ በመቶ ቀረጥ ይነካቸው እንደሆነ ጠይቀው ነበር። በሁለት መስመር ልመልስላቸው ጀምሬ ነገሩ የራሴን ጥፋት ጭምር የሚያስወጣ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለርዝመቱ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዓርብ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ብሎ የዋለው ዶላር ሰኞ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ገባ፣ ወር ሳይሞላም መቶን አለፈ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለአራት ዓመት የሚዘልቅ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። እኔ በዚያ ጠዋት ዋሽንግተን ውስጥ ከምሠራበት የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ስወጣ፣ ሊተካኝ የመጣው ልጅ ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ «ዶላር ስንት እንደገባ ሰማህ?» አለኝ።

ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ጥቁር ገበያው ከባንኩ እጥፍ ገደማ በሚሰጥበት ዘመን በባንክ ስልክ የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ በጓደኞቼ ዘንድ ሞኝ ነበርኩ። ይህንም ያደረግሁት ለአገር ተቆርቁሬ ነው ብዬ አልመጻደቅም። በጥቁር ገበያ ይልክ የነበረ አንድ የማውቀው ሰው እህት ሒሳብ ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ብር አስገብቶ ሒሳቧ ለወራት ሲታገድባት ስላየሁ፣ እናቴ በስተርጅና ባንክ ለባንክ እንዳትንከራተት ፈርቼ ነው። ስለዚህ የባንኩ ዋጋ ሲጨምር የዘገየ ክፍያዬን የተቀበልኩ ያህል ተሰማኝ።

ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቀድሞ በየወሩ የምልከው 200 ዶላር ለእናቴ 11,500 ብር ገደማ ይደርሳት ነበር። መስከረም 2017 ላይ ቁጭ ብዬ አሰላሁና፣ 130 ዶላር ብልክ እንኳ 14,000 ብር እንደሚደርሳት ሳይ፣ «እሷም ተጠቀመች፣ እኔም ተነፈስኩ» ብዬ ቀነስኩ። የተረፈው 70 ዶላር አከራዬ በዚያው ወር ለጨመሩብኝ ኪራይ ዋለ። እንደ እኔ ያሰላ ሌላም ሰው ከመካከላችን እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ በቡና ላይ ስንጫወት ሦስት ሰው ሲያምን ሰምቻለሁ።

ለ2017 የፋሲካ በዓል ደብረ ብርሃን ሄድኩ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷ ሲያልቅ ካርቶኑን አትጥልም፤ ስሙን በቃል ስለማትይዘው መድኃኒት ቤት ወስዳ ታሳያለች። ስለዚህ ባዶ ካርቶኖቹ ቡፌው ላይ፣ ከፎቶግራፎቹ አጠገብ ተደርድረዋል። ሻጩ በእያንዳንዳቸው ጀርባ ዋጋውንና ቀኑን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎባቸዋል። ቡና እስኪፈላ ድረስ በቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው፦ 190፣ ከዚያ 260፣ ከዚያ 340፣ የመጨረሻው 415። መድኃኒቱ ያው፣ ፍሬውም ያው ሠላሳ ነው። እናቴ ግን በስልክ አንድም ቀን «አነሰኝ» አላለችኝም። ሌላውን ወጪ ብጠይቃትም «ተመስገን» ከማለት በቀር የምትጨምረው ቃል የለም።

በዚያን ጊዜ ባለሥልጣናቱ፣ ነጋዴው ዕቃውን አስቀድሞም በጥቁር ገበያ ዋጋ ያስገባ ስለነበር የምንዛሪው ለውጥ ገበያውን ያን ያህል አያናጋውም ይሉ ነበር። ለብዙ ዕቃ ሐሳቡ ስሜት ይሰጣል። መድኃኒት ግን በባንክ ዋጋ ዶላር እንዲያገኙ ቅድሚያ ይሰጣቸው ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ በመሆኑ፣ የባንኩ ዋጋ ሲዘል አብሮ መዝለሉ የማይቀር ነበር። ለመድኃኒት፣ ለዘይት፣ ለነዳጅና ለማዳበሪያ ጊዜያዊ ድጎማ እንደሚደረግ ቢነገርም፣ እናቴ ቡፌ ላይ ከተደረደሩት ካርቶኖች ድጎማውን ማንበብ አልቻልኩም። በባንክ ለምንልክ ሰዎች ብሩን ያበዛልን ያው ለውጥ ካርቶኑን አስወደደው፤ እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ቆጥሬ 70 ዶላር ለራሴ አስቀረሁ። በጥቁር ገበያ ይልኩ የነበሩትማ ቤተሰቦቻቸው ብሩ ብዙም ሳይጨምርላቸው ዋጋው ጨመረባቸው።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንም በበኩላቸው ተሳስተዋል። የአክስቴ ልጅ ደውሎ «ዶላሩ እኮ ጨመረላችሁ» ሲለኝ፣ የሰዓት ክፍያዬ አምስት ሳንቲም እንዳልተነካ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። እንዳላመነኝ ከድምፁ ታውቆኛል።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ ልመለስ። ቀረጡ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በፕሬዚዳንቱ በተፈረመው ሰፊ ሕግ ውስጥ የተካተተ ሲሆን፣ የሚሠራው ከፈረንጆቹ 2026 መጀመሪያ አንሥቶ ነው። የሚመለከተውም በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር (አስቀድሞ ተከፍሎበት በሚገዛ የክፍያ ወረቀት) ወይም በካሺየር ቼክ (ባንኩ ራሱ በሚቆርጠው ቼክ) ከፍሎ የሚልከውን ሰው ነው። አሜሪካ ካለ የባንክ ሒሳብ ወይም እዚሁ በተሰጠ ዴቢትና ክሬዲት ካርድ የሚልክ ሰው አይከፍልም። በ200 ዶላር ላይ ሁለት ዶላር ማለት ነው፤ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ይልቅስ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው የምንዛሪ ተመኑን ነው፤ «ያለ ኮሚሽን እንልካለን» የሚሉ ገንዘብ አስተላላፊዎች ትርፋቸውን ከተመኑ ላይ ይወስዳሉ። በአንድ ዶላር ሁለት ብር ቢያጎድሉ ከ200 ዶላር 400 ብር ቀረ ማለት ነውና፣ የእናቴ አንድ ካርቶን መድኃኒት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ተቀባዩ በብር ስንት እንደሚደርሰው በሁለት ሦስት ቦታ ይጠይቁ።

በሰው እጅ መላክን በተመለከተ፣ በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት እንደ ቀድሞው እጥፍ ስላልሆነ፣ ለቀረችው ትርፍ ሲባል የቤተሰብን ሒሳብ ለእገዳ ማጋለጥ አዋጪ መስሎ አይታየኝም።

እኔ ከግንቦት ጀምሮ ወደ 200 ዶላር መልሼዋለሁ። እናቴ ብሩ በደረሳት ዕለት ደውላ «ሁለት ሥራ ያዝክ እንዴ? ሌሊቱን ተኛበት እንጂ» ብላ ተቆጣችኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ከእናንተ ልጠይቅ። እኛ ዘንድ በቅርብ የመጡ ሁለት ልጆች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ስላልደረሳቸው የባንክ ሒሳብ አልከፈቱም፤ በጥሬ ገንዘብ ስለሚልኩም ቀረጡ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። በፓስፖርት ብቻ ሒሳብ የሚከፍት ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን (የብድርና ቁጠባ ማኅበር) በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ፣ የሚያስፈልገውን ሰነድ ጭምር እባካችሁ ጻፉልኝ።