ዌብሳይት ልታሠሩ ነው? ሾፒፋይ፣ ዎርድፕሬስ ወይስ ዊክስ?

«ለሥራዬ ዌብሳይት ልከፍት ነው፣ ከእነዚህ ሦስት የዌብሳይት መሥሪያዎች የቱ ይሻለኛል?» ለምትሉ ሁሉ፣ መጀመሪያ እኔም ልጠይቃችሁ። ገጻችሁን የከፈተ ሰው ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጉት? እንዲገዛ? እንዲደውል? ወይስ ቁጭ ብሎ እንዲያነብ?

ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ ሾፒፋይን እመክራለሁ። መሥራቾቹ እ.ኤ.አ. በ2004 የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ በኢንተርኔት ለመሸጥ ተነሱ፣ የሚሆናቸው ሶፍትዌር ሲያጡ ራሳቸው ሠሩ፣ በ2006 ደግሞ ያንኑ ለሌሎች ነጋዴዎች አቀረቡት። የነጋዴ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ትእዛዙ፣ ክፍያው፣ የቀረው ዕቃ ብዛት፣ ሁሉም አንድ ቦታ ነው። ወርሃዊ ክፍያ አለው። ያላችሁበት አገር የሚሠራ የክፍያ መንገድ እንዳለው ሳታረጋግጡ ግን እንዳትጀምሩ።

ብዙ የምትጽፉ ከሆነ ዎርድፕሬስ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሶፍትዌሩም ነጻ ነው። ሆስቲንግ (ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) እና ዶሜይን (የገጹ አድራሻ ስም) ግን ከኪሳችሁ ነው፣ አፕዴቱንም የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል፤ ያረጀ ፕለጊን (ገጹ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ለሀከሮች በር ይከፍታል።

ስልክ፣ አድራሻና ጥቂት ፎቶ ለሚበቃው ሥራ ዊክስ ቀላል ነው። ነገ ልውጣ ብትሉ ግን ገጹን እንዳለ ይዛችሁ ወደ ሌላ ሆስቲንግ መሄድ አትችሉም።

አሁን ስለ ዲዛይን ፋሽን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራዬ ገጽ ሳሠራ ዲዛይነሩ ከላይ ሙሉ ስክሪን የሚሞላ ቪዲዮ አደረገበት። የጊዜው ፋሽን ነበር፣ በእሱ ኮምፒውተር ላይም በጣም ያምር ነበር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ነጭ ስክሪን፣ መሀሉ ላይ የምትሽከረከር ክብ። ገጹ እንደምንም ሲከፈት ደግሞ ስልክ ቁጥሬ ከታች መጨረሻ ላይ፣ ግራጫ በሆነ ደቃቅ ጽሑፍ ተቀምጧል። እሷ የፈለገችው እሱን ብቻ ነበር! ቪዲዮውን አስወግጄ አንድ ፎቶ ተካሁበት፣ ቁጥሩን አናት ላይ በትልቅ በተን አስቀመጥኩት።

ያ ቪዲዮ በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዕቃው በዓይን ለሚሸጥ፣ ለምሳሌ ለሆቴል ወይም ለፊልም ሠሪ፣ ሥራውን ይሠራል። እኔ ግን የሌላ ሰው ንግድ የወለደውን ነገር ነው የተዋስኩት። ሌሎቹም ፋሽኖች እንደዚሁ ናቸው። ከስልኩ ስፋት ጋር ራሱን የሚያስተካክል ዲዛይን የዌብ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት እ.ኤ.አ. በ2010 ስም ሲያወጣለት በፍጥነት የተስፋፋው ደንበኛው ወደ ስልክ ስለዞረ ነው። ቀለል ያለ ገጽ የተወደደውም ቶሎ ስለሚከፈት ነው፤ ጉግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል።

ስለዚህ ለዲዛይነር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከዚህ ቀደም የሠራቸውን ገጾች በራሳችሁ ስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ በዳታ ክፈቱ፣ ከዚያ እንደ ደንበኛ ሆናችሁ ለመደወል ወይም ለመግዛት ሞክሩ። መንገዱ ከጠፋባችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።