ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ የብረት በር ቀለም አሳምሮ የሚቀባ ማን አለ?

የአዘዞው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የግቢ በር ነው፤ 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ20፣ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) እና ላሜራ (ዝርግ ብረት)። ከታች ዝጓል፣ መሃሉ ላይ ቀለሙ እየተላጠ ነው። ክረምት ሳይገባ ማስቀባት እፈልጋለሁ። በኮምፕሬሰር የሚረጩት ይሻላሉ ወይስ የዱቄት ቀለም በምድጃ የሚያበስሉት? የት ልውሰደው?

የቀበሌ 18 ልጅ፦ ኦቶፓርኮ ጀርባ ያለው ሰውዬ ጋ ውሰደው። ሌላ ቦታ አትልፋ።

ዝገት ጠል፦ አደራ ማንንም እንዳታምን! አንድ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት እጅ ብለው አስከፍለውኝ ስምንት ወር ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ተላጠ።

ማራኪ ሰፈር፦ የእኛም እንደዚያው! ብር መልሱ ስትላቸው ደግሞ «ፀሐዩ ነው» ይሉሃል።

ዝገት ጠል፦ ለእኔ «ዝናቡ ነው» ነበር ያሉኝ። አየሩን ቀለም ቀቡት እንዴ?

ብየዳ፦ ወንድም ዓለም፣ የተላጠውን ቅርፊት ገልብጠህ እየው። ጀርባው ቀይ ከሆነ ዝገቱ ሳይነሣ ነው የተቀባው። ንጹሕ ከሆነ ወይ ብረቱ ቅባት ነበረው፣ ወይ ላሜራው ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ነው። ተራ የዘይት ቀለም ዚንክ ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ከዚንኩ ጋር ሳሙና መሳይ ነገር ይፈጥርና ይለቃል። አሥር እጅ ቢቀባም ያው ነው። ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) መቅደም አለበት።

የቀበሌ 18 ልጅ፦ ይሄ ሁሉ ለሰውዬው አያስፈልገውም።

ብየዳ፦ አዎ፣ ዝገቱ እሱን ሲያይ አፍሮ ይሸሻል አሉ። ለመሆኑ በሽቦ ብሩሽ ነው በጠበል የሚያነሣው?

የቀበሌ 18 ልጅ፦ ሳቅ። የአጎቴን በር እሱ ነው የቀባው፣ እንደ መስታወት ያበራል።

ብየዳ፦ መቼ?

የቀበሌ 18 ልጅ፦ ዘንድሮ ጥቅምት።

ብየዳ፦ ገና ክረምት አላየማ!

እናት ጓዳ፦ ስለ ቅብ ካነሣችሁ አይቀር፣ ከወለቃ፣ ከጎንደር አጠገብ ካለችው የሸክላ መንደር፣ የገዛሁት ጀበና ያልባል። ቫርኒሽ ብቀባው ምን ይመስላችኋል?

ቀለም ቀቢው፦ እህቴ፣ ቫርኒሽ እሳት ላይ ይቃጠላል፣ ለሚጠጣ ነገርም አይሆንም። ቫርኒሽ ለጌጥ ሸክላ ነው። ጀበናው ውስጥ ወተት በዝግታ አፍይና ሳትደፊው አሳድሪ፤ ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ጥቁረቱ ደግሞ ቀለም አይደለም፣ ሲተኮስ የጠጣው የጭስ ጥላሸት ነው፤ ስለዚህ አይላጥም። የእኛ በር እንዲህ ቢሆን ኖሮ!

ወደ በሩ ልመለስ። የዱቄት ቀለም ጠንካራ ነው፤ ብረቱ ራሱ 180 እስከ 200 ዲግሪ ደርሶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። ስለዚህ በሩ ሙሉውን የሚገባበት ምድጃ እንዳላቸው በዓይንህ እይ፣ ስቱኮ (ጎድጓዳ ቦታ የሚሞላበት ልጥፍ) ካለበትም አስነሣው። ከዚያ በኋላ ብየዳ ከነካው ቦታው ይቃጠላል።

በኮምፕሬሰር ከሆነ ወሳኙ ዝግጅቱ ነው። የብየዳው ፍንጥርጣሪ በግራይንደር ይነሣ፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት። ቅባቱን በቲነርና በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፤ በናፍጣ የሚጠርግ ካየህ በርህን ይዘህ ውጣ፣ ናፍጣ ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል። በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀባ፤ የተፈገፈገ ብረት ጤዛ ካደረበት እንደገና ይዝጋል። በእጅና በእጅ መሃል 24 ሰዓት። ሁለቱ ፊት 13 ካሬ ገደማ ነው፤ ሊትሩ ከ8 እስከ 10 ካሬ ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 3 ሊትር አንቲረስት ይዘህ ሂድ፣ ቆርቆሮው ፊትህ ይከፈት። በደንብ ባልደረቀ የዘይት ቀለም ላይ የመኪና ቀለም ቲነር ከነካ ይሸበሸባል።

ብየዳ፦ የታችኛው ቱቦላሬ ሥር 8 ሚሊ ቀዳዳ ማስበሳት እንዳትረሳ። ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ነው ከታች የሚበላው፤ እሱን ከላይ የሚቀባ ቀለም አያድነውም።

ዝገት ጠል፦ የእኔን ብር ግን ማን ይመልሳል?

እናት ጓዳ፦ ወተቱ ሠራ መሰለኝ፣ ተባረክ። አዲስ ምጣድስ?

የአዘዞው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴም ስለ ምጣዱ ጠይቅልኝ ብላለች፤ ማሟሻው ጎመን ዘር ተወቅጦ ነው እንዲሁ?

ቀለም ቀቢው፦ ተወቅጦ። ምጣዱ ሲግል በጨርቅ እሸው፣ ጭሱ እስኪቆም። በሩስ የት ደረሰ?