ሱፐርቫይዘሬ ሰረቅሽ አለኝ፤ በእንግሊዝኛ አኪዩዝ ነው ቻርጅ የሚባለው?

ሰላም_ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱቅ ውስጥ ካሽየር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከመሳቢያው ገንዘብ ጎደለ ተባለና ሱፐርቫይዘሬ ደንበኛ ፊት «አንቺ ነሽ የወሰድሽው» አለኝ። አልወሰድኩም። በዚያ ፈረቃ መሳቢያውን የከፈትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ማን መቼ እንደከፈተ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል። ፖሊስ አልተጠራም፣ ምንም ወረቀት አልተሰጠኝም። አሁን ለኤችአር (ለሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉ) አቤቱታ ልጽፍ ነው። በአማርኛ ቢሆን «ሌባ ብሎ ከሰሰኝ» ብዬ እገላገል ነበር፤ መዝገበ ቃላት ሳይ ግን አኪዩዝም፣ ቻርጅም፣ ብሌምም ያው መክሰስ ነው የሚለኝ። ጓደኛዬ ቻርጅ በዪው፣ ጠንከር ይላል ትላለች። ሌላም ጭንቀት አለብኝ። የዜግነት ፎርም ልሞላ ነው፣ እዚያ ላይ ቻርጅ ተደርገሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል። ይሄ ጉዳይ እዚያ ይገባል እንዴ?

አስተርጓሚው፦
እህቴ አይዞሽ። ቻርጅ የሚለውን ግን በፍጹም እንዳትጽፊ። ፍርድ ቤት ነው የማስተረጉመው፣ በዚህ ቃል ሰው ሲቸገር ሁልጊዜ አያለሁ። በወንጀል ነገር ቻርጅ የሚያደርገው መንግሥት ነው፤ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ የወንጀሉን ዓይነት ጠቅሶ በወረቀት ሲያቀርብብሽ ማለት ነው። ሱፐርቫይዘርሽ የፈለገውን ያህል ቢጮህ ያ ሥልጣን የለውም። እሱ አኪዩዝ ነው ያደረገሽ፣ በአማርኛም «ወነጀለኝ» ብትዪው ይቀርባል። በእኛ ቋንቋ ልጅ እንኳ ወንድሙን ለእናቱ ይከሳል፣ ስለዚህ «ከሰሰ»ን ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ወደተሳሳተ የእንግሊዝኛ ቃል ሊወስድሽ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ትንሿን ቃል ደግሞ ልብ በዪ። አኪዩዝ ኦቭ፣ ቻርጅ ዊዝ ነው የሚባለው። «ሂ አኪዩዝድ ሚ ኦቭ ስቲሊንግ» (ሰርቀሻል ብሎ ወነጀለኝ) ብለሽ ጻፊ። «ቻርጅድ ሚ ፎር» ካልሽ ግን ሒሳብ አስከፈለኝ ማለት ይሆናል፣ ኤችአሮቹም የጎደለውን ከደመወዝሽ ቆርጦ ነው እንዴ ብለው ሌላ ነገር ማጣራት ይጀምራሉ።

ስለ ፎርሙ፦ ኤን-400 መታሰርን፣ ሳይትድ መሆንን (ፖሊስ የጥፋት ወረቀት ሲሰጥሽ ማለት ነው)፣ መያዝን፣ ቻርጅ መደረግን ይጠይቃል። አለቃሽ የተናገረው ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ነገር ግን ከዛሬ በኋላ ፖሊስ ቢደውል ወይም ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ቢመጣ፣ ፎርሙን ሳታስገቢ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ። ሰው «ፋይሉ ተዘግቷል» እያለ ኖ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ፎርሙ ግን የተዘጋውንም የተሰረዘውንም ንገሩኝ ነው የሚለው።

ቲቸር_ጉለሌ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ብሌምን ልጨምር። ብሌም ወንጀል አይፈልግም። ወጡ ቢያርም፣ አውቶቡሱ ቢያመልጥም ሰው ብሌም ይደረጋል። ጥፋትን በሰው ላይ ማላከክ ካልን ደግሞ ብሌም ኦን ነው። ስለዚህ «ብሌምድ ሚ» ብቻ ብትጽፊ ሌባ መባልሽ አይታይም፣ ነገሩ ቀለል ይላል።

አሌጅ (ገና ሳይረጋገጥ እንዲህ ሆኗል ማለት) ለብቻው ነው። ከአሌጅ ኋላ ሰው አይገባም፣ አሌጅድ ሚ ብሎ ነገር የለም። የሚከተለው ወሬው ነው፤ አሌጅድ ዛት ብለሽ አለ የተባለውን ትቀጥያለሽ። ጋዜጠኞች የሚወዱት ለዚህ ነው፣ ነገሩ ገና እንዳልተረጋገጠ ያሳያል። ደብዳቤሽ ላይ «ዚስ አሌጌሽን ኢዝ ፎልስ» (ይህ ውንጀላ ሐሰት ነው) የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቢ። በጣም ያምራል፣ ስድብም የለበትም። ሰውዬውን ላየር (ውሸታም) ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ያለውን ቃል በቃል አስቀምጪ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ ማን እንደሰማም ጨምሪ።

የዜና_ሱሰኛ፦
ከጥያቄዋ ትንሽ ልውጣ፣ ግን ዜና ላይ ወገኖቻችን እነዚህን ሲያምታቱ ስለማይ ነው። ኢንዳይት አጻጻፉ ላይ «ሲ» ፊደል አለችበት፣ አትነበብም፣ ኢንዲክት አይባልም። ይሄ ቻርጅ ሆኖ በግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት ወይስ አይመሥረት ብለው በሚወስኑ ዜጎች) በኩል የሚመጣ ነው። በአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤት ከ16 እስከ 23 ሰው ይቀመጥና ቢያንስ 12ቱ ከተስማሙ ክሱ ይመሠረታል። ጥፋተኛ ተባለ ማለት አይደለም! እሱ ኮንቪክት ነው።

ኢምፒችም እንደዚያው። ብዙ ሰው ከሥልጣን ተባረረ ብሎ ይሰማዋል። ክሱን የሚመሠርተው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ የሚፈርደው ሴኔቱ፣ ያውም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1868፣ ክሊንተን በ1998፣ ትራምፕ በ2019 እና በ2021 ኢምፒች ተደርገዋል፤ ሴኔቱ ሁሉንም ነፃ ብሏቸዋል።

ሱ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፣ ማንም ግለሰብ ሊያደርገው ይችላል። የቀድሞ ሚስቱንና ጓደኛዋን ገድሏል የተባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች፣ ኦ ጄ ሲምፕሰንን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1995 በወንጀሉ ነፃ ወጣ፣ በ1997 ግን የሟቾቹ ቤተሰቦች ሱ አድርገውት በፍትሐ ብሔሩ ተረታ። በአማርኛ ሁለቱንም «ክስ» ስለምንላቸው ብዙ ሰው አንዴ ነፃ የወጣ እንዴት እንደገና ይከሰሳል ብሎ ይከራከራል።

ሰላም_ሜሪላንድ፦
ተባረኩ! እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ሁለት ደንበኞች ፊት ገንዘብ ሰርቀሻል ብሎ አኪዩዝ አደረገኝ፣ አሌጌሽኑ ሐሰት ነው፣ የመሳቢያው መዝገብ ይታይልኝ። «ፎልስሊ» (በሐሰት) የሚለውን ከአኪዩዝድ በፊት ላስገባው?

አስተርጓሚው፦
አስገቢው፣ «ፎልስሊ አኪዩዝድ» የተለመደ አባባል ነው። የመሳቢያው መዝገብ እንዳይጠፋ እንዲያስቀምጡት በዚያው ደብዳቤ ጠይቂ። በኢሜይል ላኪው፣ ኮፒውንም በራስሽ ኢሜይል ያዢ እንጂ በሥራው አካውንት ብቻ እንዳትተዪው።